ያልተቀመጡ እንግዶች

የሃምሳ አለቃ ነመራ ሥራው የሰው ቃል ማመላለስ ነበር። ከዓለም አቀፉ ሰላም አስከባሪ ጦር ጋር ኮንጎ ከዘመተ ወዲህ የውጭ አገር መኮንኖችና የእኛ መኮንኖች ሲነጋገሩ መሐል ይቆማል፤ ሚሲዮን ትምህርት ቤት በተማራት እንግሊዝኛ የአንዱን ለአንዱ ያደርሳል። አይጨምርም፣ አይቀንስም። የራሱን አንዲት ቃል ግን በማን አፍ እንደሚልካት ሳያውቅ ሁለት ክረምት አልፎበታል።

በሃምሳ አራት ዓመተ ምሕረት፣ የካቲት ሲገባ፣ ሁለት መኮንኖች የእረፍት ቀናቸውን ዴዴሳ ሸለቆ ጎሽ በማደን ሊያሳልፉ ፈለጉ። አንደኛው ሻለቃ ሊንድ የሚባል ጠጉሩ የሸበተ፣ ቁመቱ የበር መቃን የሚነካ ስዊድናዊ ነው። ሁለተኛው ህንዳዊው ሻምበል ሲንግ ነው፤ ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ፣ ራሱ ላይ ጥምጥም የማይለየው፣ አንገቱ ላይ ደግሞ የሩቁን የሚያቀርብ መነጽር ያንጠለጠለ። «የዚያ አገር ልጅ አለን» ተባለና ነመራ አብሯቸው መጣ። ነቀምቴ ሲደርሱ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ማረፊያ ሰጣቸው፤ የግራዝማች አበጋዝን ቤት።

ነመራን የጠየቀው የለም። ቢጠይቁት ጫካ ውስጥ ማደር ይሻለኛል ባለ ነበር።

ግራዝማች አበጋዝ አባታቸው ከሸዋ መጥተው ዲጋ ላይ መሬት የተሰጣቸው ሰው ናቸው። የነመራ እናት ድርቤ ደግሞ የዚያው መሬት ጭሰኛ ናት። ነመራ ልጅ እያለ የግራዝማችን የእህል ድርሻ በአህያ ጭኖ ወደዚህ ግቢ ያመጣ ነበር። ልጃቸው ምንትዋብ በረንዳው ላይ መጽሐፍ ታነባለች። አንድ ቀን፣ ጆንያ እንደተሸከመ፣ «ምን ይላል?» አላት። እሷም ሳትስቅበት ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ አነበበችለት። ፍቅራቸው ከዚያ ቀን ይቆጠራል ቢባል ሐሰት አይደለም።

ኮንጎ ሆኖ ጻፈላት፤ እሷም መለሰች። በመጨረሻው ደብዳቤዋ «ሽማግሌ ላክ» አለችው። ከዚያ በኋላ ነው ነመራ ዝም ያለው።

መኪናዋ ግቢ ስትገባ የቤቱ እመቤት ወይዘሮ እማዋይሽ ነጠላቸውን እያጣፉ ወጡ። የሻምበል ሲንግን ጥምጥም ባዩ ጊዜ ፊታቸው በራ።

«እሰይ! ቄስም ይዛችሁ መጥታችኋል!» ብለው መስቀል ሊሳለሙ ጎንበስ አሉ።

ሻምበሉ ግራ ገባው። ወደ ነመራ አየ፤ ነመራ አፉን ከመክፈቱ በፊት ግን ሁለት እጃቸውን ይዞ ከግንባሩ አስነካ። እማዋይሽ ረክተው ቀና አሉ።

«እሜቴ፣ ቄስ አይደሉም፤ የአገራቸው ሃይማኖት ነው እንዲህ የሚያስጠመጥማቸው» አለ ነመራ።

«ዝም በል አንተ፤ ቡራኬው ደርሶኛል» አሉት።

እራት ከመቅረቡ በፊት ምንትዋብ የእጅ ውሃ ይዛ ገባች። ለሻለቃው አፈሰሰች፤ ለሻምበሉ አፈሰሰች፤ ለአባቷ አፈሰሰች። መጨረሻ ነመራ ፊት ቆመች። ከቀድሞው ከስታለች። ዓይኗን ከውሃው ላይ አላነሳችም።

«ኮንጎ ቀለም ጠፋ አሉ» አለችው በሹክሹክታ።

«አልጠፋም።»

«ወረቀት ነዋ የጠፋው።»

«ምንትዋብ…»

«እጅህን አገላብጠው፤ ሳሙናው አልለቀቀም።» ውሃው ቀጠነ። «ሽማግሌ ላክ አልኩህ። ሴት ልጅ ከዚህ ወዲያ ምን ትበል?»

ሽማግሌ እንዲሆነኝ የጻፍኩለት አጎቴ መልስ አልሰጠኝም ሊላት ፈለገ። ግን እንዴት ብሎ? ደጃችሁን ለመርገጥ ሳያፍር አይቀርም፤ የሚያሳፍረውም የአባትሽ ቤት ነው ተብሎ ለባለቤቱ ልጅ ይነገራል? ውሃው አለቀ። ፎጣውን ክንዱ ላይ ጣል አድርጋለት ሄደች፤ እጁ ደርቆ እንኳ ቅዝቃዜው ልቡ ላይ ቆየ።

እራት ላይ ግራዝማች ደስ ብሏቸዋል። ስለ ዴዴሳ ጎሽ፣ ስለ አባታቸው ጠመንጃ አወሩ፤ ነመራ አስተረጎመ። ሻምበል ሲንግ መነጽሩን አውሷቸው፣ ገና ሳይጨልም በመስኮት የማዶውን ጋራ አይተው እንደ ሕፃን ሳቁ። ጨዋታው እንዲህ ሞቅ ባለበት ነው ሻምበሉ በየዋህነት የጠየቀው።

«ልጃቸው ጨዋ ናት። ባል አላት?»

ነመራ ጥያቄውን እንዳለ አቀረበው።

«ተጠይቃለች በላቸው» አሉ ግራዝማች። «የጊምቢው ዳኛ ለልጃቸው ሽማግሌ ልከውብኛል። ከፋሲካ በኋላ ተመለሱ ብያለሁ። ጥሩ ቤት ነው፤ ሃሳቤ መስጠት ነው በላቸው።»

ምንትዋብ የወጥ ድስት ይዛ ከበሩ ደርሳ ነበር። ቆመች። ዓይኗን ነመራ ከንፈር ላይ ተከለች። ድምፁ ትንሽ ይሰበራል፣ አንዲት ቃል ትጠፋዋለች፣ ቢያንስ ጉሮሮውን ይጠርጋል ብላ ጠበቀች።

ነመራ አስተረጎመ፤ የጊምቢውን ዳኛ፣ ፋሲካውን፣ «ሃሳቤ መስጠት ነው» የሚለውን፣ አንዱንም ሳይጨምር፣ አንዱንም ሳይቀንስ። ድምፁ ሜዳ ላይ እንደሚሄድ መንገድ ቀጥ ያለ ነበር። እንዲህ አድርጎ መናገር ምን እንዳስከፈለው የሚያውቀው ከጠረጴዛው በታች የተጨበጠው እጁ ብቻ ነው።

እሷ ግን ያን እጅ አላየችም። ድምፁን ብቻ ሰማች። ወጡን አውጥታ ለሁሉም አዳረሰች፤ ለሁሉም ጎንበስ አለች። ልቧ ግን ከዚያ ቤት ወጥቶ ሄዷል፤ የቀረው የምታስተናግደው እጇ ነው።

በማግስቱ ዲጋን አልፈው ወደ ዴዴሳ ወረዱ። መንገድ መሪያቸው የነመራ አጎት፣ የድርቤ ታላቅ ወንድም ኦቦ ኩማ ነበር። ሸለቆውን እንደሱ የሚያውቅ የለም። ሣሩ በቅርብ ተቃጥሎ አገሩ ሁሉ ጠቁሯል፤ በረገጡ ቁጥር ጥላሸቱ እየተነሳ ጫማቸውን እስከ ጉልበት አለበሰው። ጎሽ አላገኙም። ወንዙ ውስጥ ጉማሬ አዩ። ሻምበሉ መነጽሩን ለኩማ ሰጠው።

«ዋቃዮ!» አለ ኩማ ወደ ኋላ እየዘለለ። «አፍንጫዬ ሥር መጣ እኮ!»

እንግዶቹ ሳቁ። እየሳቁ ወደ ወንዙ ሲጠጉ ነመራ ወደ ኋላ ቀረት አለ።

«ኤሱማ» አለው፤ የእናቱን ወንድም የሚጠራበት ስም ነው። «ደብዳቤዬ ደርሶህ ነበር?»

«ደርሶኛል። አስነብቤዋለሁ።»

«ነገ ወደ ኮንጎ ልመለስ ነው። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ለጊምቢ ይሰጧታል። ከአንተ ሌላ ማን አለኝ?»

ኩማ በዘንጉ የተቃጠለውን ሣር ጫር ጫር አደረገ።

«ስማ፣ ኢልመ ኮ፣ ልጄ። አንተ የተማርክ ልጅ ነህ፣ ይሄ ግን ትምህርት ቤት የለም። ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲሄድ ምን ያደርጋል? ወንበር ይቀርብለታል፤ ተቀመጡ ይባላል። እሱም ጉዳዬ ሳያልቅ አልቀመጥም ይላል። እሺ ሲሉት ያን ጊዜ ይቀመጣል። ክብሩ እሱ ነው፣ የተሰጠውን ወንበር እምቢ ማለቱ።» ቀና አለ። «እኔ ግራዝማች ቤት ስንት ዓመት ገባሁ? ድርሻቸውን ቆሜ አስረክባለሁ፣ ቆሜ እመለሳለሁ። ተቀመጥ ያለኝ የለም። ወንበር ሳይሰጠኝ አልቀመጥም ብል መሳቂያ አልሆንም?»

ክፋት ቢሆን ኖሮ ነመራ ይከራከረው ነበር። የሚያመው ነገር እውነት መሆኑ ነው።

እንግዶቹ ሸለቆው ውስጥ አድረው በበነጋው ጠዋት ኩማን ይዘው ነቀምቴ ተመለሱ፤ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ሊነሱ ሆነ። አውሮፕላናቸው ለማግስቱ ነው፤ መንገዱም ሩቅ ነው። «የቤቱን ጌታ ሳናመሰግን አንሄድም» አለ ሻለቃው። ኩማ መኪናዋ አጠገብ፣ ከተከፈተው የሳሎን በር ፊት ለፊት ዘንጉን ተደግፎ ቀረ። ሁለቱ መኮንኖችና ነመራ ገቡ።

ሳሎኑ ተጠርጎ ምንጣፍ ተዘርግቶበታል። ግራዝማች ከመደባቸው ተነሱ።

«ተቀመጡ፣ ተቀመጡ!»

ሻለቃ ሊንድ የዴዴሳ ጥላሸት ያልለቀቀውን ጫማውን አየ፤ ምንጣፉን አየ። በሩ ላይ እንደቆመ ቆቡን አውልቆ ተናገረ። ነመራ እንደ ልማዱ ቃሉን ተቀብሎ አደረሰ።

«ግራዝማች፣ አንቀመጥም ይላሉ። ጉዳይ ስላለን ቆመን ተናግረን እንሄዳለን ይላሉ።»

ግራዝማች ሊያስቀምጧቸው የዘረጉትን እጅ መለሱ።

ግራዝማች ሻለቃውን አዩ፣ ሽበቱን። ሻምበሉን አዩ፣ ጢሙንና ጥምጥሙን። ከዚያ ነመራን አዩ። ቀስ ብለው ከግድግዳው ላይ ካባቸውን አውርደው ደረቡ።

«እማዋይሽ! ነይ ወዲህ።» ድምፃቸው ተለውጧል። «ገብቶኛል። ከትናንት ወዲያ ስትገባ ጠርጥሬ ነበር። አንተ የድርቤ ልጅ፣ ድፍረትህ! ባሕር ማዶ ድረስ ሄደህ ነው ሽማግሌ የምታመጣብኝ?»

«ኧረ በስመ አብ!» አሉ እማዋይሽ። «ቄስ ጨምሮ!»

«ደግሞስ» አሉ ግራዝማች፣ ቁጣና ሳቅ እየተናነቃቸው፣ «ጠያቂ ከሽማግሌው ጋር አብሮ ሲመጣ የት ነው የታየው? አስተርጓሚውም አንተ፣ ሙሽራውም አንተ!»

ነመራ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ የትንፋሽ ድምፅ ሰማ። እዚያ ናት። አሁን ዝም ቢል፣ ዝም ብቻ ቢል፣ ያቺ የራሱ ቃል በሰዎች ጫማ ጥላሸት ላይ ተሳፍራ ገብታለች። ሁለት ዓመት የፈለገው ነገር ሳይጠይቅ ተጠይቆለታል። ማን ያውቃል? እንግዶቹ አማርኛ አይሰሙ። አንገት መነቅነቅ ይበቃው ነበር።

ግን ያልተባለውን ተብሏል ብሎ አያውቅም።

«ግራዝማች» አለ፣ «ሽማግሌ አይደሉም። ለምስጋና ነው የመጡት። ያልተቀመጡት ጫማቸው ቆሻሻ ስለሆነ ነው።»

መጋረጃው ተነቃነቀ፤ ጸጥ አለ። ያ ጸጥታ ነመራን ከጥይት ይበልጥ መታው።

«የእኔን ቃል እንዲህ በስሕተት እንዲያገኙት አልፈልግም» ብሎ ቀጠለ፤ አሁን ድምፁ ተሰበረ። «ልጅዎን እወዳለሁ። የላክሁት ሽማግሌ የለም፤ ያልላክሁትም ስላልፈለግሁ አይደለም። ከትናንት ወዲያ ማታ ለጊምቢ ይሰጧታል ብዬ በአፌ ሳስተረጉም፣ ግራዝማች፣ እንዴት እንደቆምኩ እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው።»

ሻምበሉ ክንዱን ነካው። «ምን ሆነ?» አለ። ነመራ በጥቂት ቃላት ነገረው፤ ምን መስለዋቸው እንደነበር። ሻምበሉ ወደ ሻለቃው አየ። ሻለቃ ሊንድ ቆቡን በሁለት እጁ ይዞ ብዙ ተናገረ።

«ሽማግሌ ብንሆን ደስ ይለን ነበር ይላሉ» አለ ነመራ።

ግራዝማች ዓይናቸውን አጠበቡ።

«ሰውዬው ሙሉ ምዕራፍ ተናገረ፤ አንተ አንድ መስመር ሰጠኸኝ። የት አደረስከው?»

«ስለ እኔ ስለሆነ ነው፣ ግራዝማች።»

«አውጣው!»

ነመራ መሬት መሬት እያየ አወጣው። «አንድ ጊዜ መንገድ ላይ የታጠቁ ሰዎች ከበቡን። አለቃቸው የሚናገረው ይህ ልጅ እዚያ በለመዳት በአገሬው ቋንቋ ነበር፤ እንግሊዝኛም እንደሚሰማ አላወቅንም። እኛን ይሰድበናል። ሌላ አስተርጓሚ ቢሆን ስድቡን አለስልሶ፣ የእኛንም መልስ አጣፍጦ ያልፍ ነበር ይላሉ። ይህ ልጅ ግን የእሱን ለኛ፣ የእኛን ለእሱ እንዳለ አደረገ። የሚሰማው አለቃ ያልዋሸ ሰው ስላየ አሳለፈን። ለዚህ ልጅ አፍ ነፍሴን አምኜ ሰጥቻለሁ፣ ሴት ልጅ ቢኖረኝ እሷንም አምኜ እሰጠው ነበር… ይላሉ።»

እማዋይሽ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። ግራዝማች ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ደግ ነገር ነው። ግን ሽማግሌ ደግ መናገር ብቻ አይደለም። የሚሲዮን ልጅ ነው፣ የቤተ ክርስቲያኑ ነገር አለ፤ እሱ ይቆይ። ነገ ልጄ ብትበደል ማንን ልጠይቅ ነው? ኮንጎ ልውረድ? ስዊድን ልሂድ? ሽማግሌ ማለት የሚጠየቅ ሰው ነው። የዚህ አገር ሰው። የታለ የምጠይቀው?»

በሩ ላይ ጥላ ወደቀ።

ኦቦ ኩማ ነበር። ደጁ ላይ ሆኖ ሰምቷል። ዘንጉን ከበሩ ውጭ አቆመው፤ ባርኔጣውን አወለቀ። የገባው በሠራተኞቹ ሳይሆን በእንግዶቹ በር ነው።

«አካም ጅርቱ፣ ጌታዬ» ብሎ እጅ ነሳ። «የሚጠየቀው እኔ ነኝ። ቤቴን ያውቁታል፤ መሬትዎ ላይ ነው ያለሁት፣ የትም አልሸሽም። ልጄን ለልጅዎ ብዬ መጥቻለሁ። ወንበር ባይሰጠኝም ቆሜ እናገራለሁ። ቆሜ መናገር ለምጃለሁ።»

ግራዝማች ከራሱ እስከ እግሩ አዩት። ምናልባት ያን ሁሉ ዓመት ያ ሰው ግቢያቸው ውስጥ ሲቆም ያዩት አሁን ገና ነው።

ያን ጊዜ መጋረጃው ተገለጠ። ልጅ በሚጠየቅበት ሰዓት ልጅቷ አትታይም፤ ልማዱ ይህ ነው፤ ምንትዋብም ታውቀዋለች። እናቷ «አንቺ ልጅ!» ብለው ነጠላዋን ሊይዙ እጃቸውን ዘረጉ፤ አልደረሱባትም። በሁለት እጇ አባቷ ማታ ማታ የሚቀመጡበትን ዱካ ይዛለች። ማንንም ሳታይ፣ ነመራንም ሳታይ፣ ከኩማ ጉልበት ጀርባ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው።

«ይቀመጡ፣ ኦቦ ኩማ» አለች።

ኩማ ዱካውን ዞር ብሎ አየው። የተጨማደደ ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ተፈታ። ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ነመራ እንደዚያ ቀጥ ብሎ አይቶት አያውቅም።

«አመሰግናለሁ፣ ልጄ» አለ። «ግን ጉዳዬ ሳያልቅ አልቀመጥም።»

ሻምበል ሲንግ ሰዓቱን አሳየው። መሄድ ነበረባቸው። ነመራ በሩ ላይ ዞረ። ምንትዋብ አሁን ቀና ብላ አየችው፤ ዓይኗ እርጥብ ነው፣ ግን ያ የእራቱ ቅዝቃዜ ከውስጡ ወጥቷል። አንድም ቃል አልተነጋገሩም። ያለ አስተርጓሚ የሚደርስ ነገር እንዳለ ያን ቀን ነው የተረዳው።

መኪናዋ ከከተማው ወርዳ ወደ አኖ በሚወስደው መንገድ ተጠመዘዘች። ከመጠምዘዣው ላይ የግራዝማች በረንዳ ሩቅ ይታያል፤ ሰው ሲንቀሳቀስ እንጂ ማን እንደሆነ አይለይም። ሰው ሁሉ ሊሸኝ ከሳሎን ወደ በረንዳ ወጥቷል። ነመራ አንገቱን አውጥቶ አየ፤ አቧራውና እንባው ጋረዱት።

«ሻምበል፣ እባክዎ» አለ፣ «መነጽሩ… እኔ ማየት አልችልም። ምን እንደሚያዩ ይንገሩኝ። እንዳለ፣ ሳይጨምሩ።»

ሻምበል ሲንግ ሾፌሩን አስቆመው። መነጽሩን ዓይኑ ላይ አድርጎ ወደ በረንዳው አነጣጠረ።

«ትልቁ ሰውዬ ቆመዋል፣ ካባ የለበሱት» አለ። «ሚስታቸውም ቆመዋል። ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።»

«አጎቴስ?»

«አጎትህ?» ሻምበሉ መነጽሩን አስተካከለ። «አጎትህ ብቻ ነው የተቀመጠው።»

የሰው ቃል ሲያመላልስ የኖረው የነመራ አንደበት ያን ሰዓት የራሱን ደስታ የሚሸከምበት ቃል አጣ፤ መዳፎቹን ፊቱ ላይ አደረገ፣ ከጣቶቹ መሐል ግን የአገሩ ብርሃን እየገባ አስቸገረው።